እሳት የማያነጻው፦ ስለ ውሻ ብስኩት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጅማ ውሻ ያላቸው ሰዎች ሰሞኑን እየተቀባበሉ ያነበቡት ጽሑፍ የውሻ ብስኩት ከሱቅ ከመፈለግ በቤት መጋገር ይሻላል ይላል። በዚህ እንስማማለን። ቸኮሌትና ስኳር አይግባበት ማለቱም ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጸሐፊው ወንድማችን የሰጧቸው ምክሮች ብዙ ውሾችን፣ አንዱ ደግሞ ሰዎችንም የሚጎዳ ነው። ሽሮና ንጥር ቅቤ ጣል አድርጉበት፤ ነጭ ሽንኩርት ቁንጫና ትል ያባርራል፤ ትንሽ የቡና ዱቄት የአፍ ሽታ ያጠፋል፤ ጉበት ጥሬው ይበልጣል፤ የሻገተ በቆሎም ቢሆን እሳት ሲነካው ይነጻል፤ በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ ጋግሩና በፌስታል ቋጥሩት፣ አንድ ወር ይቆያል፤ ኦቨን የሌለው ይቅርበት፤ የቤት ስለሆነ ውሻው እስኪጠግብ ይብላ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አቮካዶ መርዝ ነው፣ እህልም ለውሻ አልተፈጠረም ብለው ያስጠነቅቃሉ።

የአብዛኛው ስሕተት ሥሩ አንድ ነው፦ እሳት የነካው ነገር አይጎዳም የሚለው እምነት። እሳት ጀርምንና የትል እጭን ይገድላል። መርዝን ግን አያነጻም። እርጥበትንም ቢሆን ለጊዜው ያስወጣዋል እንጂ ተመልሶ እንዳይገባ አያግደውም። የውሻ ብስኩት የሚጋግር ሰው እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ሽሮው፣ ቅቤውና ነጭ ሽንኩርቱ

የቤት ሽሮ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው ገብቶበት ነው የሚዘጋጀው። በርበሬው በተራው ሽንኩርት አለበት፤ ቅቤውም ሲነጠር በብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል። ነጩም ሆነ ቀዩ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርሱ የድኝ ውሕዶች አሉት። መቀቀል፣ ማድረቅ፣ መጋገር አያጠፋቸውም። እንዲያውም የደረቀው ውሃው ስለወጣለት በግራም ሲለካ ከጥሬው ይበረታል።

ልኩ ይህ ነው፦ ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ወጥ የነካው እንጀራ የላሰ ውሻ ይሞታል አንልም። ብስኩት ግን በየቀኑ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ትንሽ ትንሹ እየተደጋገመ ሲገባ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ምልክቱም ወዲያው አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል ወይም ይቀላል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ከተኛበት መነሣት ይከብደዋል። ያኔ ባለቤቱ ከሳምንት በፊት የጀመረውን ብስኩት አያስታውስም። ቁንጫን በተመለከተ ነጭ ሽንኩርት የበላ ውሻ ከቁንጫ ይድናል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። የሚሠራው መኝታውን በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ሐኪም የሚያዝዘውን መድኃኒት በክብደቱ ልክ መስጠት ነው።

ንጥር ቅቤ ሌላም ችግር አለው። ቅባት የበዛበት ነገር የውሻን ቆሽት ያስቆጣል፤ ማስታወክና ኃይለኛ የሆድ ሕመም ያመጣል። ጣዕም ከተፈለገ ጨው የሌለበት የጉበት ቅቅል ውሃ ወይም አንድ ማንኪያ አይብ ይበቃል። አይብ የወተት ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ከትኩስ ወተት ይልቅ ለትልቅ ውሻ ሆድ ይስማማል።

ቡናው

ይህ ምክር በጅማ መነገሩ በጣም ያሳስበናል፤ እዚህ ቡና የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳልና። የአረቢካ ቡና በ100 ግራም ከ1 ግራም በላይ ካፌይን ይይዛል። አሥር ግራም የተፈጨ ቡና ወደ 120 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው ማለት ነው። ውሻ በኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርሰው መቅበጥበጥ፣ ማስታወክና የልብ ምት መፍጠን ይጀምረዋል፤ 60 ገደማ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ስቶ ይንፈራገጣል። ስድስት ኪሎ ለምትመዝን ትንሽ ውሻ እነዚያ አሥር ግራሞች የመጀመሪያውን ደረጃ ይሞላሉ። መጋገር ካፌይንን አያወጣውም፤ የተቆላ ቡና ራሱ እኮ ከመጋገሪያ ሙቀት በላይ አልፎ የመጣ ነው። ከጀበና የሚደፋው አተላም የቀረ ካፌይን ስላለው ውሻው በሚደርስበት ቦታ አትድፉት። የአፍ ሽታ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ላይ የተከመረ ቆሻሻና የታመመ ድድ ነው፤ ቡና ያንን አይነካውም።

ቡና የበላ ውሻ ካጋጠማችሁ የጨው ውሃ እያጠጣችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ጨው በራሱ ይገድላል። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ስንት ግራም እንደበላና መቼ እንደበላ ንገሩ። ዘቢብም እንዲሁ ክልክል ነው። ከውጭ የመጣ የለውዝ ቅቤ ስትገዙ መለያው ላይ ዛይሊቶል የሚል ጣፋጭ ካለበት መልሱት፤ በጣም ጥቂቱ የውሻን የደም ስኳር በፍጥነት ይጥለዋል።

ጉበቱ

«እኛ ቁርጥ በልተን ምን ሆንን?» ይላሉ ጸሐፊው። ቁርጥ የሚቆረጠው ከጡንቻ ነው። ለውሻ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያልፈለገው ጉበትና ሳንባ ነው፤ ኤኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ ኮሶ እጭ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። በበግ፣ በፍየልና በከብት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ እባጭ ሆኖ ይታያል፤ ባቄላ የሚያክልም ብርቱካን የሚያክልም ይኖራል። ውሻው ያንን በጥሬው ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ብዙ ትሎች ያድጋሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ውሻው አይከሳም፣ አይታመምም፣ በዓይንም የሚታይ ነገር የለም። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ግን የትሎቹ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ከፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ሲቆርስ እንቁላሉ ወደ ልጁ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥም ያው እባጭ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ለአንድ ውሻ ደስታ ተብሎ ቤተሰብ ለዚህ መዳረግ የለበትም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጉበቱን በአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆራርጡና እያንዳንዱን ቁራጭ በሁለቱም ወገን እዩት። እባጭ ካለበት አታፍርጡት፤ ያንን ጉበት አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ መጣል ለሰፈሩ ውሾች ሁሉ ማከፋፈል ነው። ንጹሑን ያለ ጨው ቀቅሉት። እጩን ለመግደል 30 ደቂቃ መፍላት ይበቃል፤ ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 40 ደቂቃ ቁጠሩ።

«ብስኩቱ ውስጥ ገብቶ ይበስል የለ?» ለሚል፦ በቀጭኑ የተዳመጠ ብስኩት በደንብ ሲጋገር እጩ ይሞታል፤ በ15 ደቂቃ የወጣ ወፍራም ብስኩት ግን መሐሉ አይበስልም። ጥሬ ጉበት ደግሞ ሊጡ ውስጥ ደሙንና ውሃውን እየለቀቀ ያቀጥነዋል፤ ሲጋገርም መሐሉ ሙጫ ይሆናል። ጉበት ቫይታሚን ኤ የበዛበት ስለሆነ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም አይለፍ።

እስከ ዛሬ ጥሬ ሆድ ዕቃ ሲበላ የኖረ ውሻ ካላችሁ ብስኩቱን ከመጀመራችሁ በፊት የኮሶ መድኃኒት ይስጠው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው። መጠኑ በክብደቱ ስለሚወሰን የእንስሳት ሐኪም ይዘዘው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማው ውስጥ ስላለ የሚጠየቅ ባለሙያ አይጠፋም። ቢላውን፣ መክተፊያውንና ትሪውን ለውሻው ብቻ ለዩት። በብዙ ቤት በሃይማኖት ምክንያት የውሻ ዕቃ ለብቻው ነው፤ ለጤናም የሚበጀው እሱው ነው።

በቆሎው

የሻገተ በቆሎ «እሳት ሲነካው ይነጻል» የተባለው ከሁሉም የከፋ ነው። ሻጋታው ራሱ በእሳት ይሞታል። ሻጋታው ያመነጨው አፍላቶክሲን ግን በመጋገሪያ ሙቀት አይጠፋም፤ ብስኩቱ ሽታውም መልኩም ተስተካክሎ መርዙ እንዳለ ይቀራል። ውሻ ለዚህ መርዝ ከብዙ እንስሳት ይበልጥ ስስ ነው፤ የሚጎዳውም ጉበቱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ አፍላቶክሲን የተገኘበት የፋብሪካ የውሻ ምግብ ከ110 በላይ ውሾች ሞት ጋር ተያይዟል። ላቦራቶሪ ያለው ፋብሪካ እንዲህ ከሆነ፣ ለሰው አልሆን ያለውን በቆሎ ለይቶ ለውሻ የሚያስፈጭ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ እህል በአግባቡ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይታፈናል። ከማስፈጨታችሁ በፊት ፍሬውን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት፤ የተሰነጠቀውን፣ የጨረተውን፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ያረፈበትን አውጡ። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በደንብ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ለጥቂት ደቂቃ ናጡት፤ ከዚያ አሳርፉት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ ለማከማቸት አይሆንም። ለውዝም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተጨማደደውና የመረረው ይጣል። ዱቄት ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ አታስፈጩ።

ሊጡና እሳቱ

በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ የተጋገረ ብስኩት ላዩ ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ከፌስታሉ ጋር ይላብበታል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሻግታል። አንድ ወር የሚለው ቁጥር በበጋም አይሠራም።

ይህን ልክ ያዙ፦ 200 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የገብስ ዱቄት፣ 120 ግራም ተቀቅሎ ውሃው የተንጠፈጠፈ ዱባ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ጉበት፣ 1 እንቁላል። ጨው፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር አይገባም። ቤኪንግ ፓውደር ብስኩቱን ያነፋዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ለስላሳ ብስኩት ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆያል። የጅማ ማር ለውሻ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ የደረቀውን ብስኩት መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ታችኛውንም ቶሎ ያሳርረዋል። በክረምት ጨርሶ ተዉት።

ጉበቱን እንደ ክትፎ አድቅቃችሁ ከዱባውና ከእንቁላሉ ጋር አዋሕዱ። ዱቄቱን በሦስት ጊዜ ጨምሩና አምስት ደቂቃ አሹት። እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ደርሷል፤ ከደረቀ የጉበቱን ቅቅል ውሃ በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። ይህን ከዘለላችሁ ዱቄቱ ውሃውን ስላልጠጣ ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች ከሊጡ ግራና ቀኝ አኑሩና መዳመጫውን በእነሱ ላይ አስኪዱ፤ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ስሱ እያረረ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። በሁለት ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ቁረጡት፤ እያንዳንዱን በሹካ ውጉት። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ብስኩቱ ይነፋና ውስጡ ባዶ ይሆናል። 250 ገደማ ፍሬ ይወጣል።

በ160 ዲግሪ 40 ደቂቃ ጋግሩ። ከዚያ ገልብጡት፣ ሙቀቱን ወደ 100 ዲግሪ አውርዱና ሁለት ሰዓት አድርቁት። የኦቨኑን በር በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ተዘግቶ ከቆየ እንፋሎቱ እዚያው ይዞራል። መድረቁን በዓይን አትፍረዱ፤ መዝኑት። ከመጋገሩ በፊት 570 ግራም የነበረው ሊጥ በመጨረሻ 360 ግራም ገደማ መምጣት አለበት። 420 ላይ ከቆመ አንድ አምስተኛው ገና ውሃ ነው፤ መልሱት። ሚዛን የሌለው አንዱን ሰብሮ ይሞክር፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከታጠፈ አልደረሰም። በእጅ አልሰበር ካለ ደግሞ ከልክ በላይ ወፍሯል፤ ያረጀ ውሻ ጥርሱን ይሰብርበታል።

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አታስገቡት፤ ለብ ያለ ብስኩት ክዳኑ ሥር ያልባል። ሌሊቱን ገላልጣችሁ ማሳደርም አይሆንም፤ በሐምሌ የጅማ አየር በአንድ ሌሊት ያለሰልሰዋል። ሁለት ሦስት ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ አቀዝቅዙና ክዳናቸው ጥብቅ በሆኑ ትንንሽ ጠርሙሶች ከፋፍሉት፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው እንደተዘጋ ይቆያል። በበጋ ሦስት ሳምንት፣ በክረምት አሥር ቀን ይቆያል። ከለሰለሰና ሻጋታ ከሌለው በ100 ዲግሪ 20 ደቂቃ አድርጋችሁ መልሱት። አንዱ ፍሬ ላይ ሻጋታ ከታየ ግን የጠርሙሱ ሁሉ ይጣል፤ የሻጋታው ክር በዓይን ከሚታየው አልፎ ይሄዳል።

ኦቨን የሌለው ለምን ይቅርበት?

መብራት በሚሄድበት ከተማ ኦቨን ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ አይተማመንበትም። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ምጣዱ ላይ የሚቀረው ሙቀት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ምጣዱን አጥፉና ጠብቁ፤ ጠብ ያደረጋችሁት ውሃ ዘሎ ከጠፋ ገና ግሏል፣ ቀስ ብሎ ሲተን ጊዜው ነው። ብስኩቱን ስስ ትሪ ወይም ፎይል ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አክንባሎውን ግጠሙና በየአሥር ደቂቃው ገልብጡት። የምጣድ እሳት ከታች ብቻ ስለሆነ ያልተገለበጠ ብስኩት አንድ ወገኑ ያራል፤ መሐሉም ከዳሩ ይበልጥ ስለሚግል ቦታ አለዋውጡ። በመጀመሪያው ቀን በስሎ ይወጣል እንጂ አይደርቅም፤ በሚቀጥሉት ሁለት የእንጀራ ቀናት በቀሪው ሙቀት ይመለስ፣ በመካከሉ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ፍሪጅ የሌለው በዚያው ቀን ከሰል ምድጃ ላይ ይጨርስ። ልክ እንደ ድፎ ዳቦ ፍሙ ከታችም ከክዳኑም ላይ ይሁን፤ የድስቱ ሥር ጠጠር ይደልደል፤ ትሪው ጠጠሩ ላይ ይረፍ።

መጠኑ

«እስኪጠግብ ይብላ» ለውሻው ፍቅር አይደለም። ከላይ ባለው ልክ አንዱ ፍሬ 5 ካሎሪ ገደማ ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን ከ600 እስከ 650 ካሎሪ ይበቃዋል፤ ከዚህ ውስጥ ብስኩት ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ 12 ፍሬ ነው። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን 20 ፍሬ። የሃምሳ ግራም የዳቦ ቁራሽ ብቻውን ከ12ቱ ፍሬ እጥፍ ይሆናል፤ እሱንም የሚሰጥ ሰው ይቁጠረው። ጉበትና እህል ፎስፈረስ የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሰባቸው ናቸው፤ በብስኩት ብቻ የሚያድግ ቡችላ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይወላገዳል።

አቮካዶና እህል

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሚገባው በላይ አጥብቀዋል። አቮካዶ ውስጥ ያለው ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወፍን፣ ፈረስንና ፍየልን ክፉኛ ይጎዳል፤ ውሻ ግን ከእነዚህ ይልቅ ይቋቋመዋል። የውሻ አደጋው ውስጡ ያለው ጠንካራ ዘር ነው፤ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋል። የማንጎ ዘርም እንዲሁ። አቮካዶ ቅባት ስላለው ለብስኩት አንመክረውም፤ ግቢ ውስጥ የወደቀ ለስላሳውን የላሰ ውሻ ግን ተመረዘ ብላችሁ አትደንግጡ። ዘሩን ቶሎ ልቀሙ። ጎደሬ ለማስገባት የሚፈልግ በደንብ ይቀቅለው፤ ጥሬው የውሻንም አፍ ያሳክካል።

እህልን በተመለከተ በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ያሳተሙት የዘረ መል ጥናት ውሻ ስታርች የሚፈጭበትን ዘረ መል ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደያዘ አሳይቷል። ከሰው ጋር ሲኖር የሰውን እህል መብላት ለምዷል፤ የበሰለ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና በቆሎ ይፈጫል። ጤፍና በቆሎ የሚያስቸግሩት በሌላ ምክንያት ነው፦ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሙጫ ስለሌላቸው ብስኩቱ ይፈረፈራል። መላው በእያንዳንዱ ቤት አለ። ከ100 ግራም ዱቄት 20 ግራሙን ለዩና በ80 ሚሊ ሊትር ውሃ እንደ አብሲት እስኪወፍር አብስሉት፤ ለብ ሲል ከቀረው ዱቄት ጋር አሹት። የበሰለው ስታርች ሌላውን አጣብቆ ይይዘዋል። እንዲህ የተሠራ ሊጥ ውሃው ከስንዴው ስለሚበልጥ በ100 ዲግሪ የሚደርቅበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት አስረዝሙት።